የቸርኬ የዱቄት ቀለም፦ የት እንደማይቀባ የሚያውቅ ቤት ፈልጉ

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የመኪና ቸርኬን በፓውደር ኮቲንግ፣ በአማርኛ በዱቄት ቀለም፣ ስለ መቀባት ነው። ከመካከላችሁ ቸርኬው ተላልጦበት መፍትሔ የሚፈልግ የመኪና ባለቤት አለ፤ ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ወጣትም አለ። ንግግሩን ለሁለት አልከፈልነውም። ደንበኛው ሊጠይቀው የሚገባውና ባለሙያው ሊሠራው የሚገባው አንድ ነገር ነውና።

ከመጨረሻው እንጀምር። ቀለሙ አልቆ ቸርኬያችሁን ልትረከቡ ስትሄዱ ፊቱን አትዩ፤ ፊት ማሳመር ማንም ያውቅበታል። አገላብጡት። ከኋላ በኩል ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ የሚጋጠመውን ጠፍጣፋ ቦታ እዩ። ከዚያ ጣታችሁን ወደ ዳዶ (ብሎን ላይ ዞሮ ቸርኬውን የሚያጠብቀው) ቀዳዳዎቹ ሰዳችሁ ዳዶው የሚያርፍበትን ሾጣጣ ቦታ ዳስሱ። ሁለቱም ባዶ አሉሚኒየም መሆን አለባቸው። ቀለም ካለባቸው ፊቱ መስታወት ቢመስልም ሥራው ወድቋል። ምክንያቱን ኋላ በቁጥር እናሳያለን።

መጀመሪያ ስለ ቀለሙ ራሱ። በጣሳ የሚመጣው ቀለም ፈሳሽ ነው፤ የሚያቀጥነው ማሟሟያ በኖ ሲያልቅ ቀለሙ ይደርቃል። የዱቄት ቀለም ግን ከመነሻው ደረቅ ነው፤ ፕላስቲክና ማቅለሚያ አብሮ ተፈጭቶ የተዘጋጀ ሲሆን ላዩን ላየው ከፎርኖ ዱቄት የሚለየው በቀለሙ ነው። መርጫው ዱቄቱን ከ60 እስከ 100 ሺህ ቮልት በሚደርስ ኃይል ቻርጅ ያደርገዋል። ቸርኬው ግራውንድ (ከመሬት ጋር በሽቦ የተገናኘ) ስለሆነ ዱቄቱ ተስቦ ይጣበቅበታል፤ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ይቀልጣል፣ ይተሳሰራል፣ ይጠነክራል። የተሳሰረ ዱቄት ተመልሶ አይቀልጥም፤ ጥንካሬውም ከዚህ ይመጣል። ዘዴው የተጀመረው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ ሲሆን፣ ኤርቪን ጌመር የሞቀ ብረት አየር በሚያንሳፍፈው ዱቄት ውስጥ እየነከረ ይቀባ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚስብ መርጫ የተስፋፋው በ1960ዎቹ ነው።

የአንድ ንብርብር ውፍረት በተለምዶ ከ60 እስከ 100 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ምን ያህል ዱቄት እንደሚፈልግ ማስላት ለሚፈልግ፦ የዱቄቱ ክብደት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.5 ግራም ቢሆንና 70 ማይክሮን ብናለብስ፣ አንድ ካሬ ሜትር 105 ግራም ይወስዳል። ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ውስጡም ውጩም ሲደመር በግምት አንድ ካሬ ሜትር ይሆናል። ወለል ላይ የሚረግፈውን ጨምራችሁ ለአራት ቸርኬ፣ ለአንድ ንብርብር፣ 1 ኪሎ ያዙ።

አዲስ አበባ ውስጥ የዱቄት ቀለም ምድጃ ያላቸው አብዛኞቹ ቤቶች የአሉሚኒየም መስኮትና በር ወይም የብረት ወንበርና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ዱቄቱን በደንብ ያውቁታል፤ አንዳንዶቹም ጥሩ ማጠቢያ ገንዳና ረጅም ምድጃ አላቸው። ነገር ግን የመስኮት ፍሬም 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየተሽከረከረ ሰው አይሸከምም። ፍሬም ሲቀባ ሁሉም ቦታ ቀለም መልበሱ ጥሩ ሥራ ነው፤ ቸርኬ ላይ ግን ይኸው ልማድ አደጋ ያመጣል። ስለዚህ ቤቱ ስንት ዓመት ሠርቷል ከምትሉ ቸርኬ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ ወይ፣ ካወቃችሁስ ቀለም እንዳይነካው የቱን ቦታ ትሸፍናላችሁ ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ቀለም ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቸርኬው ራሱ መቀባት የሚገባው መሆኑን እዩ። መንገዳችን ጉድጓዱ አያልቅምና የተጣመመ ቸርኬ ብዙ ነው። ጎሚስታው ባላንስ ማሽን ላይ አሽከርክሮ ጠርዙ ምን ያህል እንደሚዋልል ይለካላችሁ፤ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ካለፈ መጀመሪያ የማቃናቱን ነገር አስቡ። እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ አለ፤ ቸርኬውን በእሳት እየለበለቡ በመዶሻ መምታት። እሳቱ የነካው ቦታ ጥንካሬው ይፈታል፤ ከዚያ ቀለም ይቀባበትና ማንም አያየውም። የተበየደ ቸርኬም እንደዚሁ ነው። ብየዳው ጠርዝ ላይ ቢሆን እንኳ አጠገቡ ያለው ብረት በሙቀቱ ለስልሷል፤ ብየዳው የቸርኬው ክንድ (ከመሐሉ ወደ ጠርዙ የተዘረጋው) ላይ ከሆነ ግን ምንም ክርክር የለውም፣ ይጣል። ጥሩ ቤት ይህን አይቶ «አልቀባም» ይላችኋል። እሱን ቤት አመስግኑት እንጂ አትቀየሙት።

ስንጥቅ መፈለጊያው ቀላል ነው። አሮጌው ቀለም ከተነሳ በኋላ ቀይ ሰርጎ ገብ ፈሳሽ ይረጫል፤ 10 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ላዩ በጨርቅ ይጸዳል፤ ከዚያ ነጭ የማሳያ ዱቄት ይነፋበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ቀይ ፈሳሽ ወደ ነጩ ላይ እየሰረገ ይወጣና ፀጉር የመሰለ ቀይ መስመር ያሰምራል። ሁለቱም በጣሳ ይሸጣሉ። ስንጥቁ የሚገኘው በብዛት በኋለኛው የውስጥ ጠርዝ፣ ከመኪናው በታች ካልሆነ በማይታየው በኩል ነው፤ ክንዶቹ ከመሐሉ ጋር የሚገናኙበት ጥግና የዳዶ ቀዳዳዎቹ ዙሪያም መታየት አለባቸው።

ክሮም የተነከረ ቸርኬ በዱቄት ቀለም ቤት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ክሮሙ በንከራ ቤት በኬሚካል መነሳት አለበት። በላዩ ላይ ከተቀባ ከሥር ክሮሙ ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞት ይረግፋል። ከሁለትና ከሦስት ክፍል ተገጣጥሞ በብሎን የታሰረ ቸርኬ ደግሞ ሳይፈታ ምድጃ መግባት የለበትም፤ መሐሉ ያለው ማሸጊያ ይበላሻል፣ ከዚያ አየር ያፈሳል።

አሮጌውን ቀለም ማንሳት ሰው ብዙ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። አራት መንገድ አለ፤ ሁለቱን አትንኩ።

የመጀመሪያው የማይነካ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ሳሙና ለሚሠራ ሰው የተለመደ ዕቃ ስለሆነና ከላሜራና ከፈሮ ላይ ቀለም ስለሚያነሳ፣ አሉሚኒየም ላይም ይሠራል ብሎ የሚያስብ አለ። ቀለሙን ያነሳል፤ ከዚያ አሉሚኒየሙን መብላት ይጀምራል። ሲበላም ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ በርሜሉ ውስጥ የሚፈላ የሚመስለው እሱ ነው። አጠገቡ ሲጋራ ወይም ብየዳ ካለ ይቀጣጠላል። ሁለተኛው የማይነካ ማቃጠያ ምድጃ ነው። ቀለም ቤቶች የሚጠቀሙባቸውን የብረት መስቀያዎች ለማጽዳት 400 ዲግሪ አካባቢ የሚሠራ ምድጃ አለ። ለመስቀያ ጥሩ ነው። አሉሚኒየም ቸርኬ አንዴ እዚያ ከገባ ግን ሊድን አይችልም።

ከሚፈቀዱት አንዱ ለአሉሚኒየም የተሠራ የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ነው። ጣሳው ላይ ሜቲሊን ክሎራይድ የሚል ካያችሁ ወደ ቤት አታስገቡት። ትነቱ ዝግ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራ ሸማች በቀለም ማስለቀቂያ መልክ እንዳይሸጥ የከለከለችው በዚሁ ሞት ምክንያት ነው። ሌላው ሳንድብላስት ነው። ስሙ አሸዋ ቢልም አሸዋ መሆን የለበትም። የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። ለቸርኬ የሚያስፈልገው ከ80 እስከ 120 ቁጥር የሆነ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ወይም የብርጭቆ ዶቃ ነው፤ ግፊቱም ከ3 እስከ 4 ባር። ለፈሮ ሲሠራበት የቆየ የብረት ቅንጣት ቸርኬ ላይ ከተነፋ ብናኙ አሉሚኒየሙ ውስጥ ይሰነቀርና ከቀለሙ ሥር ዝገት ይጀምራል። «የምትነፉት ምንድን ነው? ለብረትም ይኸንኑ ትጠቀማላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቀለሙ ከተነሳ በኋላ ዘይት ማጠብ አለ፤ ቀጥሎ ቀለሙ እንዲይዝና ዝገት ከሥር እንዳይሄድ የሚያደርግ የዚርኮኒየም ማዘጋጃ አለ። የቀድሞው ቢጫው ክሮሜት በሥራው ጥሩ ነበር፤ ካንሰር አምጪ ስለሆነ ግን ቢቀር ይሻላል። ከዚያ በኋላ ቸርኬው በባዶ እጅ አይያዝም፣ አያድርምም። ይህ እርከን ተዘለለ ማለት ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም ክረምቱን በጨው መንገድ ለሚነዳ ወገን ችግር ነው፤ ከተፈነከተች አንዲት ነጥብ ተነስቶ እንደ ክር እየተጠማዘዘ በቀለሙ ሥር የሚሄደው ነጭ ዝገት የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ስለ ሙቀት። እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

አብዛኛው አሉሚኒየም ቸርኬ ኤ356 ከሚባል ቅይጥ በቅርጽ የፈሰሰ ነው፤ 7 በመቶ ያህል ሲሊኮንና ጥቂት ማግኒዚየም አለበት። ፋብሪካው ቸርኬውን 540 ዲግሪ አካባቢ ያሞቀዋል፣ ውኃ ውስጥ በድንገት ያቀዘቅዘዋል፣ ከዚያ 155 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ያቆየዋል። በዚያ መጨረሻ ቆይታ ላይ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች በብረቱ ውስጥ በስለው ያጠነክሩታል። ይህ ቲ6 የሚባለው ሁኔታ ነው። በከፍተኛ ግፊት ተቀጥቅጦ የሚሠራው ቸርኬ ብዙ ጊዜ 6061 የተባለው ቅይጥ ሲሆን የሱ ማብሰያ 175 ዲግሪ አካባቢ ነው። ልብ በሉ፤ የዱቄት ቀለም የሚበስለው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መጋገር፣ በልኩ የበሰለውን ብረት እንደገና ማብሰል ነው። ዶሮ ወጥ ደርሶ ከምድጃ ሳይወርድ ሲቀር ሥጋው ከአጥንቱ እንደሚለቀው፣ እነዚያ ቅንጣቶችም ከልክ በላይ ይተልቁና ብረቱ ይለሰልሳል።

ይህ ማለት የዱቄት ቀለም ለቸርኬ አይሆንም ማለት አይደለም። ብዙ የቸርኬ ፋብሪካዎች ራሳቸው የዱቄት ፕራይመር (ከዋናው ቀለም ሥር የሚቀባ) ይጠቀማሉ። ጉዳዩ ልኬት ነው። 190 ዲግሪ ላይ 15 ደቂቃ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው፤ 230 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ሌላ ታሪክ ነው። እኛ የምንመክረው ጠበቅ ያለ ወሰን ይህ ነው፦ የቸርኬው ሙቀት 200 ዲግሪ አይለፍ፤ ከመቀባቱ በፊት ባዶውን ማሞቁም፣ ዋናው ቀለምም፣ ከላይ የሚደረበው ግልጹ (ቀለም የሌለው) ማልበሻም ሲደመሩ ሙሉ ሙቀት ላይ የሚቆይበት ጊዜ አንድ ሰዓት አካባቢ ይሁን። ተበላሽቶ እንደገና ከተቀባ ሒሳቡ ከዜሮ አይጀምርም፤ ይደመራል። ሦስት ጊዜ ቀለም የተቀያየረ ቸርኬ ለመግዛት የምታስቡ ይህን አስታውሱ። ለተቀጠቀጠ ቸርኬና ለድጋሚ ሥራ ከ160 እስከ 170 ዲግሪ የሚበስል ዱቄት አለ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ያዋጣል።

ታዲያ ቤቱ ሙቀቱን እንዴት ያውቃል? «ምድጃው 200 ላይ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም። ምድጃው 200 የሚለው አየሩን ነው። 10 ኪሎ ቸርኬ ሲገባ ቀጭኑ ጠርዝ ቶሎ ይግላል፣ ወፍራሙ መሐል ግን 20 ደቂቃ ድረስ ሊዘገይ ይችላል። ምጣዱ ሳይግል ሊጥ ቢፈስበት እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ዱቄቱም ብረቱ ሳይግል ቢቆጠርለት ላዩ አብረቅርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፣ ጠጠር ሲመታው ቅርፊቱ ይነሳል። ትክክለኛው አሠራር የሙቀት መለኪያ ሽቦ ቸርኬው ወፍራም ቦታ ላይ ማሰርና ደቂቃውን ከዚያ ጀምሮ መቁጠር ነው። በየቀኑ ባይታሰር እንኳ ለእያንዳንዱ የቸርኬ ዓይነት አንድ ጊዜ ተለክቶ ሰንጠረዥ መውጣት አለበት። በእጅ የሚያዘው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ያልተቀባ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ይዋሻል። ከእውነተኛው በጣም ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ ሠራተኛው «ገና ነው» ብሎ እሳቱን ይጨምራል። ዱቄት የለበሰው ላይ ግን በደንብ ያነባል።

እኛ አገር የሚጨመር አንድ ነገር አለ፤ መብራት መጥፋት። ቸርኬው 8 ደቂቃ ከበሰለ በኋላ መብራት ቢጠፋ በሩን አትክፈቱ። መብራቱ ሲመለስ ብረቱ ወደ ሙቀቱ ከደረሰበት ጀምሮ ሙሉ ደቂቃውን ስጡት፤ ያለፈውን ጊዜ ግን ከጠቅላላው የሙቀት ሒሳብ ላይ ጻፉት። ቤቱ ጄነሬተር ከሌለው ይህን ጥያቄ ጠይቁትና ምን እንደሚመልስ አድምጡ። «እንደገና እንለኩሰዋለን» ብቻ ካለ አልገባውም። ሥራ ለምትጀምሩ ደግሞ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ከባሕር ወለሉ አየር ሦስት አራተኛ ያህል ነው የሚከብደው። ኮምፕሬሰሩ ላይ የተጻፈውን የአየር መጠን አትመኑ፤ የጋዝ ማቃጠያውም ይደክማል። ተለቅ ያለ ግዙ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የአረፋ ጉዳይ ነው። የፈሰሰ አሉሚኒየም በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፤ እነሱ ውስጥ ዘይት፣ የፍሬን ሸራ ብናኝና አየር ይሸሸጋል። ዱቄቱ ሲቀልጥ ይህ ሁሉ ተነፍቶ ይወጣና ቀለሙ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ወይም አረፋ ይተዋል። መድኃኒቱ ከመቀባቱ በፊት ባዶውን ቸርኬ አሙቆ ጋዙን ማስወጣት ነው፤ 30 ደቂቃ፣ ከላይ ካልነው ወሰን ሳይታለፍ። የሚተነው ዘይት አንዳንዴ በዓይን ይታያል፤ ቸርኬው ከምድጃ ሲወጣ ቡናማ እንባ የመሰለ ነጠብጣብ ክንዱ ጥግ ላይ ይገኛል። እንደገና ይታጠባል። ሌላው ጠላት ላቫጆ ላይ ጎማ ለማብረቅ የሚቀባው ሲሊኮን ነው። ጠብታዋ እንኳ ቀለሙን ወደ ዳር ገፍታ የዓሣ ዓይን የመሰለ ክብ ጉድጓድ ታወጣለች። ቸርኬ ለመቀባት ካሰባችሁ ከአንድ ወር በፊት ጀምራችሁ ላቫጆውን «ጎማውን አትቀቡልኝ» በሏቸው።

አሁን ወደ ዳዶው። የቶዮታ ኮሮላና የቪትዝ ዳዶ የሚጠበቀው በ103 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው። በዚህ ጥብቀት እያንዳንዱ ብሎን ቸርኬውን ከሞዞው ጋር ከ4 ሺህ ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይጨምቀዋል። ይህን ኃይል የሚሰጠው የብሎኑ መለጠጥ ነው፤ ብሎን እንደ ጠንካራ ስፕሪንግ ነው። ምን ያህል ይለጠጣል? 12 ሚሊሜትር ብሎን በዚህ ጥብቀት የሚለጠጠው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በታች፣ ከ50 እስከ 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። የአንድ ንብርብር ቀለም ውፍረት ስንት ነበር? ከ60 እስከ 100 ማይክሮን። አያችሁት? ብሎኑ ያለው መለጠጥ በሙሉ ከአንድ ንብርብር ቀለም ውፍረት አይበልጥም። ቀለሙ ፕላስቲክ ነው፤ ፍሬን ሲሞቅና ጭነት ሲበዛበት ቀስ እያለ ይሸሻል። ዳዶው ሥር 30 ማይክሮን ቢሸሽ፣ ሞዞው ላይ 30 ማይክሮን ቢሸሽ፣ ዳዶው ሳይዞር የጨመቀው ኃይል አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ቸርኬው መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ብሎኑ ይታክታል፣ ይቆረጣል። ሰው «ጎሚስታው አላጠበቀውም» ይላል። አጥብቆት ነበር፤ የላላው ቀለሙ ላይ ስለጠበቀ ነው።

ስለዚህ ቀለም እንዳይነካቸው የሚሸፈኑት እነዚህ ናቸው፦ የሞዞ መጋጠሚያው ጠፍጣፋ ቦታ፣ የመሐሉ ክብ ቀዳዳ፣ የዳዶ ወይም የብሎን መቀመጫዎቹ በሙሉ። የቫልቭ ቀዳዳውም የጎማው ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝም ወፍራም ቀለም አይወዱም፤ አየር ያፈሳሉ። መሸፈኛው ሙቀት የሚችል የፖሊስተር ቴፕ፣ ለቀዳዳዎቹ ደግሞ የሲሊኮን መድፈኛ ነው። የወረቀት ቴፕ ምድጃ ውስጥ ይከስላል። የዳዶ መቀመጫ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ሾጣጣ፣ አንዳንዱ ክብ እንደ ኳስ፣ አንዳንዱ ጠፍጣፋ ነው፤ መድፈኛውም በየዓይነቱ ነው። «ቀብተን ኋላ በመሮ እንጠርገዋለን» የሚል ቤት ካለ ተሰናበቱት። መሮው መቀመጫውን ሲቀይረው ዳዶው በአንድ ጎን ብቻ ያርፋል።

የሚኒባስና የጭነት መኪና የብረት ቸርኬ ሙቀቱን አይፈራም፤ የዳዶና የሞዞ መጋጠሚያው ሕግ ግን ያው ነው።

የመርጨቱ ሥራ ላይ ብዙ አንቆይም። ዱቄቱ በክንዶቹ መሐል ወዳለው ጥልቅ ጥግ አይገባም፤ ኤሌክትሪኩ ቅርብ ያለውን ጠርዝ ይመርጣል። ስለዚህ ጥጉ ይቀደማል፣ ቮልቱ ወደ 40 ወይም 50 ሺህ ይቀነሳል፣ አየሩም ይለዝባል። ጥጉ ባዶ ሆኖ ጠርዙ የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ፣ የሚረጨው ሰው ቮልት በመጨመር ሊፈታው ሞክሯል ማለት ነው። ክረምት ላይ የኮምፕሬሰሩ አየር ማድረቂያ ከሌለ ውኃ ከዱቄቱ ጋር ይወጣል፤ ዱቄቱም በደንብ ያልታሰረ ከረጢት ውስጥ ይጓጉላል። ስለ ቀለም ምርጫ የምንለው አንድ ብቻ ነው፦ ለውጭ የሚሆን ፖሊስተር ይሁን። ኤፖክሲ ከሥር ፕራይመር ሆኖ ጥሩ ነው፤ ላይ ላይ ከዋለ ግን ፀሐይ ወደ ጠመኔ ትለውጠዋለች። ባሕረ ሰላጤው ላይ መኪና ያላችሁ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ለሠራተኛው ደኅንነት ግን እንቆማለን። በአየር ላይ የተበተነ የቀለም ዱቄት ከበዛ ይፈነዳል፤ የዱቄት ወፍጮ ቤት እንደሚፈነዳው ማለት ነው። ከመርጫ ክፍሉ የሚወጣው አየር የዱቄቱን ብዛት ከሚቀጣጠልበት ልክ ከግማሽ በታች ማድረግ አለበት። መስቀያው በቀለም ተሸፍኖ ግራውንዱ ከተቋረጠ ብልጭታ ይመጣል፤ ከቸርኬው እስከ መሬት ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም ከ1 ሜጋኦም በታች መሆኑ ይለካ። መስቀያዎቹ ጠቁረውና ወፍረው ካያችሁ ይህ ልኬት አይደረግም ማለት ነው፤ ለደንበኛም የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ብዙ ፖሊስተር ዱቄት ውስጥ ያለው ቲጂአይሲ የተባለው ማጠንከሪያ ዘርን ሊጎዳ እንደሚችል አውሮፓ ፈርጆታል፤ ከእሱ ነጻ የሆነ ዱቄት አለ፣ ማግኘት ከቻላችሁ እሱን ግዙ። አፍንጫ ላይ የሚታሰረው የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ብናኝ የሚያጠራ ማጣሪያ ያለው ይደረግ። ወለሉ በኮምፕሬሰር አይነፋ። በቤት ውስጥ ምድጃ መሞከር ለምትፈልጉ ደግሞ፦ አንዴ ዱቄት ቀለም የገባበት ምድጃ ዳቦ አይጋገርበትም፤ በጋዝ የሚሠራውና እሳቱ ውስጡ ክፍት የሆነው ደግሞ ዱቄቱን ሊያቀጣጥል ይችላል።

እንግዲህ ስትረከቡ የሚደረጉ ሦስት ምርመራዎች አሉ። ውፍረት፦ ለብረት የሚሠራው ማግኔታዊ መለኪያ አሉሚኒየም ላይ አያነብም፤ ለአሉሚኒየም የሚሆን መለኪያ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በአንድ ንብርብር ከ60 እስከ 100፣ ግልጽ ከተጨመረ እስከ 200 ማይክሮን የተለመደ ነው። መብሰል፦ አሴቶን የነካ ጥጥ ከኋላ በኩል 25 ጊዜ ወዲያ ወዲህ አሹት። ትንሽ መደብዘዝ ችግር የለውም። በጥፍር የሚነሳ ከሆነ ጥሬ ነው፤ ወደ ምድጃ ይመለስ። ግልጹ ወደ ቢጫ ካዘነበለ ደግሞ ከልክ በላይ በስሏል፤ ይህ ስለ ብረቱም ይነግራችኋል። መያዝ፦ በምላጭ ካሬ ካሬ ተቆርጦ በቴፕ የሚሞከረው ፈተና ቸርኬያችሁ ላይ አይሠራም፤ ከቸርኬያችሁ ጋር አብሮ የተቀባ ቁራጭ አሉሚኒየም እንዲያስቀምጡላችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቁራጩን ያለ ጭቅጭቅ የሚያስቀምጥ ቤት የራሱን ሥራ የሚያምን ነው።

ስትሰጡ ጎማውን፣ የጎማ ግፊት የሚለካውን ሴንሰርና የባላንስ ክብደቶቹን አስወልቃችሁ ስጡ፤ ሴንሰር ምድጃ ውስጥ አይተርፍም። የላስቲክ ቫልቩን አዲስ ግዙለት። ቸርኬዎቹን ፎቶ አንሡ፣ ከነጭረቱ። ጎማ ሲመለስ ጎሚስታው የማሽኑን ጥፍር በፕላስቲክ ይሸፍን። የሚመታ ክብደት ጠርዙን ይፈነክታል፤ የሚለጠፈውን ተጠቀሙ። ለጽዳት አሲድ ያለበትን የቸርኬ ማጽጃ ተዉት፤ ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል።

ቸርኬው ከመታሰሩ በፊት ሞዞው በብረት ብሩሽ ይጠረግ፤ ዝገቱም ልክ እንደ ቀለሙ ይሸሻል። የዳዶው ጥርስ ላይ ግሪስ አይቀባም፤ ከተቀባ በዚያው 103 ኒውተን ሜትር ብሎኑ ከልክ በላይ ይለጠጣል። በእጅ ካስያዛችሁ በኋላ በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን ዘልሎ ፊት ለፊቱን፣ በቶርክ መፍቻ አጥብቁ፤ የአየር መፍቻው ለመፍታት ብቻ ይሁን። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ መኪናው ሲቀዘቅዝ በዚያው ልክ ደግማችሁ ፈትሹ። አንዱ እንኳ ከዞረ ከሌላ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና። ደጋግሞ የሚዞር ዳዶ ካለ አጥብቃችሁ አትለፉት፤ ፍቱትና መቀመጫውን እዩ። ዳዶው ሥር የተሰነጠቀ ቀለም ወይም ከቀዳዳው የሚወጣ ጥቁር ግራጫ ብናኝ ካገኛችሁ ቸርኬው እየተንቀሳቀሰ ነው፤ መኪናውን እዚያው አቁሙት።